ስለ አይጥ ዓይንና ስለ ሬቲና ውፍረት አለካክ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በሳይንስ ክበብ ስም የተደረገ ንግግር)

በዚህ የደስታ ቀን ስለ ሳይንስ አንድ አጭር ንግግር እንዳደርግ ክበባችን በመረጠኝ ጊዜ አርእስቱን እንዳስታውቅ ተጠይቄ ነበር። «ስለ አይጥ ዓይን» ብዬ ብመልስ ብዙዎቹ ጓደኞቼ ሳቁ። መሳቃቸው አያስደንቅም። እኛ የሱሉልታ ልጆች አይጥን የምናውቃት በጎተራና በድርቆሽ ክምር ውስጥ ነው፤ የምንመኝላትም ጥሩ ወጥመድና ብርቱ ድመት እንጂ የዓይን ሐኪም አይደለም። ይሁን እንጂ በውጭ አገር በብዙ ቤተ ሙከራዎች ውስጥ ይህችው አይጥ በማደንዘዣ ተኝታ፣ ሰውነቷ እንዳይበርድ በሙቅ ንጣፍ ላይ ተደርጋ፣ የዓይኗ ውስጠኛ ክፍል በብርሃን ይለካል። ልኬቱም ሲያልቅ ነቅታ ወደ ጎጆዋ ትመለሳለች። በዚህ ዓይነት የሚገኘው ቍጥር ለሰው ልጅ ምን እንደሚጠቅመውና መቼ እንደሚታመን እንደ ዐቅሜ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

በመጀመሪያ ሬቲና ምን እንደ ሆነች ልናገር። ሬቲና ማለት በዓይን ጀርባ በውስጥ በኩል የተነጠፈች ስስ ሽፋን ናት። የዓይናችን መስተዋት ማለትም ሌንሱ ብርሃንን ሰብስቦ ያቀርባል፤ ብርሃኑን ተቀብላ ወደ ነርቭ መልእክት የምትለውጠውና ወደ አንጎል የምትልከው ግን ሬቲና ናት። ስስነቷን ለመገመት 500 ቅጠል የሚይዝ አንድ እሽግ ወረቀት እናስብ። የእሽጉ ውፍረት 5 ሳንቲሜትር ያህል ነው። እንግዲህ የአንዱ ቅጠል ውፍረት የሚሊሜትር አንድ ዐሥረኛ፣ ማለት 100 ማይክሮን ይሆናል፤ ማይክሮን የሚባለው የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነውና። የትንሿ አይጥ ሬቲና 200 ማይክሮን ያህል ስለ ሆነች ሁለት ቅጠል ወረቀት ታህላለች። ይህችም ያለችው የምስር ፍሬ በምታህል ዓይን ውስጥ ነው። የሰው ዓይን ከፊት እስከ ኋላ 24 ሚሊሜትር ገደማ ሲሆን የትንሿ አይጥ ከ3 ሚሊሜትር ጥቂት ብቻ ይበልጣል።

የሁለት ቅጠል ወረቀት ውፍረት ያላት ይህች ሽፋን ግን አንድ ወጥ አይደለችም። በሞሰብ ውስጥ እንደ ተደራረበ እንጀራ ብዙ ንጣፍ አላት። ከሁሉ በላይ፣ ብርሃን በሚገባበት በኩል፣ ወደ አንጎል የሚሄዱት የነርቭ ክሮች ተዘርግተዋል። ከነርሱ ሥር የክሮቹ ባለቤት የሆኑት ጋንግሊዮን የተባሉት ሴሎች አሉ። ቀጥሎ ሴሎች እርስ በርሳቸው የሚገናኙባቸውና የሴል እምብርቶች የተከማቹባቸው ንጣፎች ተራ በተራ ይመጣሉ። ከታች ብርሃን ተቀባዮቹ ሴሎች ይገኛሉ፤ ከነርሱም በታች እነርሱን የምትመግብና ቆሻሻቸውን የምታነሣ ጥቁር ቀለም ያላት አንዲት የሴሎች ንጣፍ አለች። ብርሃን ተቀባዮቹ ከላይ መሆን ሲገባቸው ከታች መሆናቸው ሰውን ያስገርማል፤ ነገር ግን በእኛም፣ በበሬም፣ በአይጥም እንዲሁ ነው።

የዓይን በሽታዎች እነዚህን ንጣፎች ሁሉ በአንድነት አያጠቁም። ግላኮማ የሚባለው በሽታ ከላይ ያሉትን ጋንግሊዮን ሴሎችና ክሮቻቸውን ይገድላል። በዘር የሚወረሱት ብዙዎቹ የሬቲና በሽታዎች ደግሞ ከታች ያሉትን ብርሃን ተቀባዮች ያጠፋሉ። ሴሎቹ ሲሞቱ የነበሩበት ንጣፍ ይሳሳል። ስለዚህ የትኛው ንጣፍ፣ መቼ፣ በምን ያህል እንደ ሳሳ ያወቀ ሰው በሽታው የት ቦታ እንደ ጀመረና በምን ፍጥነት እንደሚሄድ ያውቃል፤ መድኀኒት የሰጠም እንደ ሆነ መድኀኒቱ መሥራቱንና አለመሥራቱን ይለያል።

ይህን ለማወቅ ቀድሞ የነበረው መንገድ አንድ ብቻ ነበር። እንስሳይቱ ትገደላለች፤ ዓይኗ ይወጣል፤ በመድኀኒት ይደርቃል፤ በሰም ውስጥ ይቀመጣል፤ በስለታም ምላጭ ተከትፎና ቀለም ተቀብቶ በማይክሮስኮፕ ይታያል። በዚህ ዘዴ ትልቅ ዕውቀት ተገኝቷል። ስፔናዊው ሳንቲያጎ ራሞን ኢ ካሃል የሬቲናን ሴሎች ከመቶ ዓመት በፊት የሣላቸው ሥዕሎች እስከ ዛሬ ያስደንቃሉ። ነገር ግን ሁለት ጉድለት ነበረበት። አንደኛው፣ ሥጋ በአልኮል ሲደርቅ ስለሚኮማተር የተለካው ውፍረት በሕይወት ሳለ የነበረው ውፍረት አልነበረም። ሁለተኛው ከዚህ የከፋ ነው። የሞተች እንስሳ ዳግመኛ አትለካም። አንድ በሽታ በአምስት የተለያየ ዕድሜ እንዴት እንደሚሄድ ለማየት የፈለገ ሰው፣ በየዕድሜው ስምንት ስምንት አይጥ ቢያስፈልገው 40 አይጥ መግደል ነበረበት። ከዚያም በኋላ ቢሆን የሚያወዳድረው አንዲቱን አይጥ ከሌላዋ ጋር እንጂ ዛሬ ያለችውን ከትናንትናዋ ከራሷ ጋር አልነበረም።

አሁን ወደ ብርሃኑ ዘዴ እንሂድ። በእንጦጦ ገደል ፊት ቆሞ የጮኸ ሰው ድምፁ ተመልሶ ይሰማዋል። ድምፅ በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚሄድ፣ ድምፁ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ከተመለሰ ገደሉ 170 ሜትር ይርቃል ማለት ነው። ብርሃንም ወደ ዓይን ቢላክ ከያንዳንዱ ንጣፍ ላይ ጥቂት ጥቂቱ ይመለሳል። ስለዚህ የተመለሰበትን ጊዜ መለካት ርቀቱን ያስታውቅ ነበር። ችግሩ የብርሃን ፍጥነት ነው። ብርሃን በሴኮንድ 300,000 ኪሎሜትር ስለሚሄድ 10 ማይክሮን ወደ ሥጋ ጠልቆ ለመመለስ የሚፈጅበት ጊዜ ከሴኮንድ ዐሥር ትሪሊዮንኛ ያነሰ ነው። ይህን የሚቈጥር ተራ ሰዓት የለም።

ሊቃውንቱ ይህን ችግር ያለ ሰዓት አለፉት፤ እኔንም ከነገሩ ሁሉ ይበልጥ የሚያስደስተኝ ይህ ነው። አንዱን ጨረር ለሁለት ይከፍሉታል። ግማሹን ወደ ዓይን፣ ግማሹን ርቀቱ ወደሚታወቅ መስተዋት ይልኩታል፤ ሁለቱም ሲመለሱ እንደ ገና ያገናኟቸዋል። ሁለት ድንጋይ በኩሬ ውስጥ ብንጥል ሞገዶቹ ሲገናኙ በአንዳንድ ቦታ ይበረታሉ፣ በአንዳንድ ቦታ ይጠፋፋሉ፤ ብርሃንም እንዲሁ ነው። በዚህ ሥራ የሚጠቀሙበት ብርሃን ልዩ ልዩ የሞገድ ርዝመት የተቀላቀለበት ስለ ሆነ፣ ሁለቱ ጨረሮች እንደዚህ የሚጋጠሙት የተጓዙት መንገድ በጥቂት ማይክሮን ልዩነት ውስጥ እኩል የሆነ እንደ ሆነ ብቻ ነው። ስለዚህ መስተዋቱን እያንቀሳቀሱ ሞገዶቹ የተጋጠሙበትን ቦታ መመልከት ንጣፉ የሚገኝበትን ጥልቀት ማወቅ ነው። ጨረርን ለሁለት ከፍሎ ማገናኘት አዲስ ነገር አልነበረም፤ አልበርት ማይክልሰን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሠርቶበታል፤ እ.ኤ.አ. በ1907ም የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። አዲሱ ነገር ይህን ጥበብ ወደ ዓይን ማምጣት ነበር።

በአሜሪካ አገር በማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ዴቪድ ኋንግ፣ ኤሪክ ስዋንሰን፣ ጄምስ ፉጂሞቶና ጓደኞቻቸው ይህን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1991 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ አወጡት። ስሙንም ኦፕቲካል ኮሂረንስ ቶሞግራፊ አሉት፤ ሐኪሞች በአጭሩ ኦ.ሲ.ቲ. ይሉታል። የመጀመሪያዎቹ ሥዕሎች ከሰውነት ተለይቶ ከወጣ ዓይን የተነሡ ነበሩ፤ ሁለት ዓመት ቆይቶ የሕያው ሰው ሬቲና ታየ። በኋላ መስተዋቱን ማንቀሳቀስ ቀረ። የተመለሰውን ብርሃን በየሞገድ ርዝመቱ ዘርግቶ፣ ፈረንሳዊው ፉሪዬ ባገኘው ሒሳብ በኮምፒዩተር መፍታት ተለመደ፤ በዚህም ልኬቱ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ በብዙ ሺህ የሚቈጠር ሆነ። ብርሃኑ ከቀይ ቀለም ወዲያ ያለ፣ ዓይን እምብዛም የማያየው ስለ ሆነ አይጧን አያስቸግራትም። አሁን ያ 40 የነበረው የአይጥ ቍጥር ወደ 8 ሊወርድ ይችላል፤ እነዚያው 8 አይጦች አምስት ጊዜ ይለካሉና። ራስልና በርች የተባሉት እንግሊዛውያን እ.ኤ.አ. በ1959 ባወጡት መጽሐፍ፣ በእንስሳት የሚመራመር ሰው ቍጥራቸውን እንዲቀንስ፣ ሥቃያቸውን እንዲያቃልል፣ ቢቻልም በእንስሳ ፈንታ ሌላ ዘዴ እንዲፈልግ አሳስበው ነበር። ይህ መሣሪያ ከሦስቱ ሁለቱን ያሟላል።

ይሁን እንጂ መሣሪያው ሥዕል ስለ ሰጠ ብቻ ልኬቱ ትክክል ነው ማለት አይደለም። በዚህ ላይ ጥቂት ልቈይ፤ የሒሳብ ትምህርት ምን ያደርግልናል ለሚሉት ጓደኞቼም መልስ ይሆናል።

ብርሃን በሥጋ ውስጥ ከአየር ይልቅ ቀስ ብሎ ይሄዳል። ስለዚህ መሣሪያው ያገኘው ርዝመት በሬቲና የብርሃን ስብረት መጠን መካፈል አለበት። አንዱ ተመራማሪ ይህን መጠን 1.36፣ ሌላው 1.38 አድርጎ ሊወስደው ይችላል። መሣሪያው 280 ማይክሮን ቢያሳይ የመጀመሪያው ሰው ሬቲናዋ 206 ማይክሮን ናት ይላል፤ ሁለተኛው 203 ማይክሮን ናት ይላል። አይጧ አልታመመችም፣ ዓይኗም አልተለወጠም፤ ሦስቱ ማይክሮን የመጣው ከማካፈሉ ነው። ሁለተኛም የአይጧ ራስ ዘንበል ብሎ ጨረሩ ንጣፉን በ20 ዲግሪ አግድም ቢያቋርጠው፣ በጨረሩ መንገድ ሲለካ 200 ማይክሮን የሆነው 213 ሆኖ ይታያል። ኮሳይን የተማረ ሁሉ ይህን በደብተሩ ላይ ሊያረጋግጠው ይችላል። ሦስተኛም የአይጥ ሬቲና ነርቩ በሚወጣበት አጠገብ ወፍራም ሆና ወደ ዳር ስትሄድ ትሳሳለች፤ ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ከነርቩ ግማሽ ሚሊሜትር ርቆ የለካ ሰው በመጨረሻውም ቀን እዚያው ቦታ መለካት አለበት።

አይጧም የራሷ ችግር አላት። ተኝታ ሳለች ዓይኗን ስለማታርገበግብ የዓይኗ ገጽ ይደርቃል፤ በጠብታ ማርጠብ ያስፈልጋል። ማደንዘዣው በቈየ ቍጥር ሌንሷ ለጊዜው ይደፈርሳል፤ ስትነቃ ይጠራል፤ በዚያ መካከል የተነሣ ሥዕል ግን ጭጋግ ያለበት ነው። የነርቭ ክሮቿ ንጣፍ ደግሞ እጅግ ስስ ስለ ሆነ ብቻውን ለመለካት ያስቸግራል፤ ስለዚህ ብዙ ተመራማሪዎች ከጋንግሊዮን ሴሎቹና ከሥራቸው ካለው ንጣፍ ጋር በአንድነት ይለኩታል። የንጣፎቹን ድንበር ኮምፒዩተር ያሰምራል፤ ነገር ግን ሰው እየተመለከተ ያርመዋል። የሚያርመውም ሰው መድኀኒት የተሰጣት አይጥ የትኛዋ እንደ ሆነች ባያውቅ ይመረጣል፤ ሰው ተስፋ ያደረገውን ነገር ማየት ልማዱ ነውና።

ንጣፎቹ ለየብቻ መለካታቸው ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ከአንዲት የታወቀች የአይጥ ዘር ታሪክ መረዳት ይቻላል። አር.ሲ.ኤስ. የተባለችው ይህች ትልቅ አይጥ ዓይኗ ድና ትወለዳለች፤ ዳሩ ግን ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ ብርሃን ተቀባይ ሴሎቿ እየሞቱ በጥቂት ወራት ውስጥ ማየት ይሳናታል። ጤነኛ ብርሃን ተቀባይ ሴል በየቀኑ የጫፉን ዐሥረኛ ያህል ቈርጦ ይጥላል፤ ከሥሩ ያለችው ጥቁር ንጣፍም የወደቀውን ትውጠዋለች። በዚህች አይጥ ግን መዋጡ ይቀራል። ጆን ዳውሊንግና ሪቻርድ ሲድማን እ.ኤ.አ. በ1962 እንደ ጻፉት፣ የወደቀው ሁሉ በብርሃን ተቀባዮቹና በጥቁሩ ንጣፍ መካከል እንደ ጥራጊ ይከማቻል። እንግዲህ የሬቲናዋን ጠቅላላ ውፍረት ብቻ የለካ ሰው ምን ያገኛል? ሴሎቿ እየሞቱ ሳለ ጥራጊው ቦታቸውን ስለሚሞላ ውፍረቷ መጀመሪያ ላይ ብዙም የተለወጠ አይመስለውም። ከሞሰቡ ውስጥ እንጀራው እየተነሣ በምትኩ ጨርቅ ቢታጠፍበት፣ ከላይ ለሚያይ ሰው ሞሰቡ ሙሉ እንደሚመስል ያለ ነው። የብርሃን ተቀባዮቹን እምብርት የያዘውን ንጣፍ ለብቻው የለካ ሰው ግን መሳሳቱን ይደርስበታል።

እ.ኤ.አ. በ2000 የዚህች አይጥ ጉድለት መርቲኬ የተባለ ዘረመል መበላሸት መሆኑ ታወቀ፤ በዚያው ዓመት ይኸው ዘረመል ተበላሽቶ ዓይናቸው የጠፋ ሰዎች መኖራቸው ተገለጠ። ሌላም አለ። አርፒኢ65 የተባለው ዘረመል በመበላሸቱ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ማየት ለሚሳናቸው ሰዎች፣ ደኅናውን ዘረመል ወደ ዓይን የሚያስገባ ሕክምና በመጀመሪያ በአይጥና በውሻ ተሞክሮ፣ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ መንግሥት ተፈቀደ። እንደዚህ ያለው ሕክምና የሚጠቅመው ሴሎቹ ሞተው ሳያልቁ የደረሰ እንደ ሆነ ነው። ስንት እንደ ቀሩ ደግሞ የሚገመተው ከንጣፉ ውፍረት ነው።

ከወላጆቻችን መካከል «ይህ ሁሉ ለእኛ አገር ምን ይፈይዳል?» ብሎ በልቡ የሚጠይቅ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሽፍንፍን አድርጌ ልመልሰው አልሻም። በ1998 ዓ.ም. በመላ ኢትዮጵያ በተደረገው ጥናት ከመቶ ሰው 1.6 ያህሉ ዓይነ ስውር ሆኖ ተገኝቷል። ከዚህም ግማሽ የሚያህለው በዓይን ሞራ ምክንያት ነው፤ 11.5 በመቶው የመጣው ከትራኮማ ጠባሳ ነው። ለዓይን ሞራ የሚያስፈልገው ቀዶ ሐኪም ነው፤ ለትራኮማ የሚያስፈልገው ንጹሕ ውሃ፣ ፊትን መታጠብና መድኀኒት ነው። ለእነዚህ የአይጥ ሬቲና መለካት ምንም አይጨምርም፤ አንድ ብር ብቻ ቢኖረኝ ኖሮ ለሞራው ቀዶ ሕክምና እሰጠው ነበር።

ነገር ግን በዚያው ጥናት 5.2 በመቶው ዓይነ ስውርነት የግላኮማ ነበር፤ 4.8 በመቶውም የሬቲናን መካከለኛ ቦታ የሚያጠፋው በሽታ ነበር። ሞራ የሸፈነው ዓይን ሞራው ሲነሣለት ያያል፤ በግላኮማ የሞተ የነርቭ ክር ግን አይመለስም። ግላኮማ ብዙ ጊዜ ሕመም የለውም፤ የሚጀምረውም ከዳር ነው። ሰውየው በበሩ መቃን ትከሻው ሲመታ «ምን ነካኝ?» ይላል እንጂ ዓይኔ ነው አይልም። ይሁን እንጂ ሰውየው ራሱ ሳይሰማው ንጣፉ ይሳሳል። በሰው ዓይን ነርቩ በሚወጣበት ዙሪያ የነርቭ ክሮቹ ንጣፍ ውፍረት በአማካይ 100 ማይክሮን ገደማ፣ ማለት አንድ ቅጠል ወረቀት ነው። መሣሪያው ባላቸው በአዲስ አበባ የዓይን ሕክምና ቤቶች ዛሬ ይህ ንጣፍ ይለካል። አንዱ ልኬት ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ ከዓመት በኋላ ከሚደረገው ሁለተኛ ልኬት ጋር ሲተያይ ግን ይናገራል። ስለዚህ በቤተሰባቸው ውስጥ ግላኮማ ያለባቸው ወላጆች ደኅና እያየሁ ነው ብለው ሳይዘገዩ እንዲመረመሩ በትሕትና እለምናለሁ። ከአዲስ አበባ ወዲያ፣ በሰበታ፣ መርሐ ዕውራን የተባለው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት አለ። በዚያ ብሬይል በጣት እየተነበበ ትምህርት እንደሚቀሰም ሁላችን እናውቃለን። የተማሩት ሰዎች ዓይን ባይኖርም ዕውቀት እንደሚቻል አሳይተዋል፤ ዓይኑ ሊድን የሚችለው ሰው ሳይድን መቅረቱ ግን ሌላ ነገር ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በሱሉልታም ሆነ በሌላው ደጋ ሜዳ ፍልፈል የቆለለውን አፈር ያላየ የለም። ፍልፈል ኑሮው በጨለማ ስለ ሆነ ዓይኑ ትንሽ ናት። ከዚህም የባሰች፣ በቆላ የምትኖር ፀጉር አልባ ፍልፈል አለች፤ ጀርመናዊው ኤድዋርት ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1842 ለሳይንስ ያስታወቃት ከሸዋ በተገኘ ናሙና ነው። በሌላ ወገን ደግሞ በአገራችን አርቪካንቲስ የተባሉ፣ በቀን የሚንቀሳቀሱ የሣር አይጦች አሉ፤ አንደኛው ዓይነት በባሌ ተራሮች ይኖራል፤ ከቀይ ቀበሮ ምግቦችም አንዱ ነው። በቤት አይጥ ሬቲና በቀን ብርሃን የሚያዩትና ቀለም የሚለዩት ሴሎች ከመቶ ሦስት ያህል ብቻ ናቸው፤ ዓይናቸው በተመረመረው የአርቪካንቲስ ዓይነቶች ግን ከመቶ ሠላሳ በላይ ናቸው። ሰው ፊደል የሚያነበው እንደነዚህ ባሉት ሴሎች ስለ ሆነ የውጭ አገር ተመራማሪዎች የሣር አይጥን በቤተ ሙከራ እያራቡ ሬቲናዋን ይመረምራሉ። ዘመዶቿ በእኛው ተራራ ላይ በፀሐይ እየሮጡ ነው። ከእኛ መካከል ባዮሎጂ የሚያጠና ሰው ወደፊት ርቆ መሄድ አያሻውም ይመስለኛል።

ከዚህ ንግግር በኋላ በቤተ ሙከራችን የሳይንስ ክበብ አባሎች የበግ ዓይን ከፍተው ያሳያሉ። የምትመለከቱት ሰማያዊና አረንጓዴ ሆኖ የሚያብረቀርቀው ገጽ ሬቲና አይደለም፤ ሬቲናይቱ በእርሱ ላይ የተነጠፈችው ግራጫ ስስ ሽፋን ናት። በመቈንጠጫ ቀስ ተብላ ስትነሣ በቀላሉ ትላቀቃለች፤ ነርቩ በሚወጣበት በአንድ ቦታ ብቻ ተይዛ ትቀራለች። ቤተ ሙከራው እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት ክፍት ነው።